ለቀስት ክለቡ የተጻፈው ማመልከቻ

በርገን፣ ኖርዌይ
ጥቅምት 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢልቂስ ሰይድ
ኮምቦልቻ

አሰላሙ አለይኩም። አላህ በጤና ያቆያችሁ፤ የአጎቴን ልጅ፣ እናትሽን ረሂማንም ዕድሜዋን ያርዝምልን። እኔ ደህና ነኝ። የዚህ አገር ዝናብ ካልሆነ በቀር የሚከብደኝ ነገር የለም።

ስልክሽን የማላነሳው ጠልቼሽ አይደለም። አፍ የተናገረው ይጠፋል። ስለ ክለቡ የምንነጋገረው ከዛሬ ጀምሮ በጽሑፍ ብቻ ይሁን፤ ነገ ተነስቶ “እንዲህ ብለህ ነበር” የሚለኝ ሰው አልፈልግም።

ወሬው ይኸውልሽ። እዚህ የቀስት ክለብ አባል መሆኔን ታውቂያለሽ፤ አውቶቡስ ስነዳ ውዬ የምተነፍሰው እዚያ ነው። “ክፍት ሜዳ” የሚባል ድርጅት አለ። የአካል ጉዳት ያለበትንም የሌለበትንም ሰው በአንድ መስመር አቁመው ቀስት ለሚያስተምሩ የሰፈር ክለቦች ድጋፍ ይሰጣል። ሁለት ዓመት ስጽፍላቸው ቆይቼ አሁን ለኮምቦልቻው ክለብ ፈቀዱ። ለሦስት ዓመት ነው፤ ደጋን፣ ቀስት፣ ኢላማ፣ ተሽከርካሪ ወንበር የሚሄድበት የተስተካከለ ሜዳ፣ ለአሠልጣኝም ደመወዝ።

አብሬ የላክሁትን ወረቀት ፈርመሽ የክለቡን ማኅተም አድርጊበትና ቶሎ መልሺልኝ። ፎቶም ያስፈልጋል። ስትነሱ ግን አትሳቁ። ባለፈው የላክሽው ላይ ሁሉም ጥርሱን አሳይቶ የሰርግ ፎቶ አስመስሎታል። በሜዳው መግቢያ ላይም “መሥራች፦ ሀፊዝ ኑርሁሴን” የሚል ሰሌዳ ይቁም፤ ድርጅቱ የሚያውቀው መሥራች እኔን ነው።

ማመልከቻውን ላክልኝ ያልሽው አያስፈልግሽም። በፈረንጅ አፍ የተጻፈ ነው፤ አንቺ ምን ታደርጊበታለሽ።

አጎትሽ ሀፊዝ ኑርሁሴን


ኮምቦልቻ
ኅዳር 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ሀፊዝ ኑርሁሴን

ወአለይኩም ሰላም ወራህመቱላህ። ጤናዎን ስለሰማሁ አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። እናቴ ሰላም ብላዎታለች። እህትዎ መዲናም ሰላም ብላለች። በደብዳቤዎ ውስጥ ስሟን ስላጣሁት ምናልባት ዘንግተው ይሆናል ብዬ ነው የማስታውስዎ። እኛ ጋ ናት፤ ደህና ናት፤ ቅዳሜና እሑድ ደጋን ትስባለች።

ስለ ደከሙልን አላህ ይስጥልን። ነገር ግን ይህን ክለብ በ2014 መጨረሻ ያቋቋምነው እኔና አናጢው ዘይኑልአቢዲን ነን። የመጀመሪያውን ደጋን ከውሃ ፕላስቲክ ቱቦ በእሳት እያሞቀ አጎበጠው። ኢላማችን ከልብስ ሰፊዎች የለመንነው ቁርጥራጭ ጨርቅ ነው፤ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅጥቀን ሰፋነው። ዛሬ አሥራ አራት ነን። አራቱ በወንበር፣ ሁለቱ ዓይነ ስውር፣ እኔ በክራንች፤ የቀሩት ሙሉ አካል ያላቸው ናቸው። እርስዎ ሜዳችንን በፎቶ እንጂ በእግርዎ አያውቁትም። ስለዚህ ሰሌዳው አይቆምም።

የፎቶውን ነገር በተመለከተ፣ ሰው ኢላማ ሲመታ ይስቃል። አትሳቁ ብዬ የማዝበት አንደበት የለኝም።

ወረቀቱንም አልፈረምኩም። ማመልከቻው ይምጣ፤ የሚያነብልኝ አላጣም። ሳላነበው የምፈርመው ወረቀት የለም።

አክባሪዎ ቢልቂስ ሰይድ


በርገን
ጥር 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢልቂስ

ሰላም ለቤታችሁ ይሁን።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ለአንድ ወር ከግማሽ መልስ ያልሰጠሁት እጄ እንዳይሳሳት ነው። ሰው እጁን ዘርግቶ ሲሰጥሽ እጁ ታጥቧል ወይ ብለሽ የምትመረምሪ ሴት መሆንሽን አላውቅም ነበር። እናትሽ እንዲህ አላሳደገችሽም።

ድርጅቱ ፊርማውን እየጠበቀ ነው። የወንበር ሰዎችሽ ቁጭ ብለው የሚጠብቁት አንቺ ስለ ሰሌዳ ስለተጨቃጨቅሽ መሆኑን ንገሪያቸው። ለማመን እንዲቀልሽ ግን ከራሴ ደመወዝ ሁለት ደጋን ገዝቼ ከዚህ ዘመድ ልትጠይቅ በምትመጣው በኩኩ እጅ ልኬአለሁ። የቱቦ ደጋን አይደሉም። ይዘሽ እዪና ምን እያስቀረሽባቸው እንደሆነ ይግባሽ።

እስከ ጥር መጨረሻ ፊርማው ካልደረሰኝ ዕድሉ ለሌላ አገር ክለብ ይሰጣል። ከዚያ ወዲያ አጎቴ ብለሽ አትጻፊልኝ።

ሀፊዝ


ኮምቦልቻ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሀፊዝ ኑርሁሴን

አላህ ልቦና ይስጠን፤ ለእርስዎም ለእኔም።

ደጋኖቹ ደርሰዋል። ማመልከቻውንም አግኝቼዋለሁ። ድርጅቱ የሚረዳቸውን ክለቦች ታሪክ በድረ ገጹ ላይ ያወጣል። ከእኛ ጋር ቀስት የምትለማመድ ጽናት የምትባል የእንግሊዝኛ መምህርት አለች፤ ፈልጋ አገኘችው። ቅዳሜ ዕለት ሁላችንም ሜዳ ላይ ነበርን። እናቴም ለመዲና ምሳ ይዛ መጥታ ጥላው ሥር ተቀምጣለች። ጽናት ስልኳን እያየች በአማርኛ ትነግረን ጀመር። የክለቡ ስም ሲጠራ አጨበጨብን። ትንሽ እንደ ሄደች ዝም አለች።

“ምነው ቆምሽ?” አለቻት እናቴ።

“የቀረው ይቅርብን።”

“ስለ እኛ ነው አይደል? እንግዲያስ አንብቢው ልጄ።”

አነበበችው። የጻፉትን ቃል ለራስዎ ልመልስልዎ። “ቢልቂስ አንድ እግሯን ፖሊዮ ስላሰለለው እናቷ አፍራባት ከስምንት ዓመቷ እስከ አሥራ ሰባት ዓመቷ ከቤቱ ኋላ ባለች ክፍል ቆልፋባት ኖራለች። ከዚያ አውጥቶ ደጋን ያስያዛት አጎቷ ሀፊዝ ነው።”

እናቴ የምሳውን ሳህን ከፈተች፤ መዲናን እጇን አስታጥባ አበላቻት። ሲጨርሱ ወደ እኔ ዞረችና “ይህን ሌላ ሰው አንብቦታል?” አለችኝ። “ብዙ ሰው” አልኳት። ክራንቼን አንስታ አቀበለችኝ፤ ወደ ቤት ሄድን። ከዚያ ቀን ወዲህ ሜዳው አልመጣችም። ባለፈው ሳምንት ጎረቤት ሰው ሞቶ “በምን ዓይኔ ሰው ፊት እቀመጣለሁ” ብላ ለቅሶ ቀረች። ረሂማ ለቅሶ የምትቀር ሴት እንዳልሆነች ያውቃሉ።

ያቺ ሴት ከደሴ ዙሪያ ቀበሌያችን እስከ ትምህርት ቤት ድረስ አራት ዓመት በጀርባዋ አዝላኛለች። ጠዋት ታደርሰኛለች፤ ጎመንና ካሮቷን ደሴ ሸጣ ስትመለስ መንገድ ላይ ታነሳኛለች። እኔ እያደግሁ ስሄድ እሷ እየጎበጠች ሄደች።

ስምንት ዓመትና አሥራ ሰባት ዓመት የሚለውን ቁጥር ከየት እንዳመጡት ሁለታችንም እናውቃለን። ኩፍኝ ዓይኗን ሲያጠፋው ስምንት ዓመቷ የነበረው መዲና ናት። ክፍሏም ደሴ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናትዎ ቤት ከጓሮ ያለችው ናት። በ1994 እናቴ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ “ይህችን ልጅ ካልሰጣችሁኝ አልነሳም” ብላ አውጥታታለች። የአሥር ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አይቻለሁ። መዲና የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዛ በየእርምጃው ትቆም ነበር። እርስዎ ያኔ አገር ከለቀቁ ሁለት ዓመት ሆኖዎት ነበር።

ስለዚህ ለድርጅቱ ይጻፉ፤ ሐሰት ነው ይበሉ። ለእናቴም ደውለው ይቅርታ ይጠይቁ። እሷ ስልክ ታነሳለች።

ቢልቂስ ሰይድ


በርገን
መጋቢት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለቢልቂስ

በጾም አፍ ክፉ አልናገርም ብዬ ረመዳን እስኪወጣ ልጠብቅ ነበር። አልቻልኩም።

ስለማታውቂው ነገር ትፈርጃለሽ። የመጀመሪያውን ማመልከቻ እውነቱን ጻፍኩ። በኮምቦልቻ ቀስት የሚወዱ ሰዎች አሉ፤ አንዳንዶቹ ይሄዳሉ፣ አንዳንዶቹ አይሄዱም፤ አብረው ይጫወታሉ አልኩ። አልተቀበሉኝም። በሁለተኛው ዓመት የቱቦውን ደጋን፣ የጨርቁን ኢላማ ጨመርኩበት። ደስ የሚል ነው ብለው አመስግነው መለሱት። በሦስተኛው የተቆለፈ በር አስገባሁ፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ ደወሉልኝ። ይህን ሕግ ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። የሰው ልብ የሚከፈተው በዚያ ከሆነ በዚያ ከፈትኩት። ለማን ብዬ? እኔ እዚህ ደጋን አላጣሁም።

እናትሽ ፊደል አትቆጥርም። ያንን ገጽ የሚያነብ አንድም የኮምቦልቻ ሰው አልነበረም። ፈልጋችሁ፣ ተርጉማችሁ፣ ሰው ሰብስባችሁ ያሰማችኋት እናንተ ናችሁ። ያቆሰላት እኔ ነኝ ወይስ አንቺ?

የመዲናን ስም ደግሞ ሁለተኛ እንዳትጽፊልኝ። እኔ ልጅ ነበርኩ። ቁልፉ የእናቴ ነበር። እናቴም ሞታለች፤ የሞተ ሰው አይከሰስም።

የፊርማውን ቀን ለምኜ አስረዝሜአለሁ፤ ለድርጅቱ አንድ ቃል ብትጽፊ ግን ገንዘቡ በዚያው ቀን ይቀራል። የአራቱን የወንበር ሰዎች ዓይን እያየሽ ንገሪያቸው፤ ስለ እናቴ ክብር ብዬ አስቀረሁባችሁ በያቸው።

ሀፊዝ


ኮምቦልቻ
ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ሀፊዝ

ዒዳችን በሰላም አልፏል። የእርስዎም እንዲሁ ይሁን።

እንዳዘዙኝ ዓይናቸውን እያየሁ ነገርኳቸው። ደብዳቤዎን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ጽናት አነበበችው። ያሉት ነገር ሁሉ ውሸት እንዳልሆነ እኔም ተናገርኩ፤ ማን እንዳስነበባት ስላሉት ነገር እኔም ስንት ቀን አስቤበታለሁ። ከዚያ ሁሉም የሚለውን ይበል አልኩ።

ሚስባህን በፎቶ ያውቁታል፤ የጎማው ዙሪያ በሽቦ የታሰረ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ነው። ቀድሞ ተናገረ። “ውሸቱ የእሱ ነው፤ ወንበር የሚያስፈልገኝ ግን እኔ ነኝ። ረሂማን ከእናቴ ለይቼ አላያትም። ግን ክብሯን የሚያውቅ ያውቀዋል። ፈርሚና እንውሰድ” አለ።

“ፎቶ ሊያነሱ ሲመጡስ?” አለው ዘይኑልአቢዲን። “ያቺ የተቆለፈችበት ክፍል የት ነው ሲሉህ ምን ልታሳያቸው ነው?”

“የአንተን አናጢ ቤት አሳያቸዋለሁ።”

የሳቀ አልነበረም። ክርክሩ ረዘመ፤ ክፉ ቃልም ወጣ። መዲና እስከ መጨረሻው ጭንቅላቷን ደፍታ ሰማች። “ቁልፉ የእናቴ ነበር” የሚለውን ቦታ ጽናት ደግማ እንድታነብላት ጠየቀች። ደገመችላት።

“እናቴ ገበያ ስትሄድ ለማን ትሰጠው ነበር?” አለች መዲና።

ከእኛ መልስ አልፈለገችም። ቀጥላ እንዲህ አለች፦ “ታሪኩ የእኔ ነው። ከእኔ ወስዶ በረሂማ ላይ ለጠፈው። ከተጻፈ በስሜ ይጻፍ፤ ረሂማም ያደረገችው ይጻፍ።”

እጅ አወጣን። ዘጠኝ ለአምስት ሆነ። መዲና ተናገረች፤ ጽናት ጻፈች፤ ትናንት ለድርጅቱ ልከናል። ቅጂው ከዚህ ጋር አለ። አንድም ቃል አልጨመርንበትም።

ልጅ ነበርኩ ብለዋል። በሩ መቆለፍ ሲጀምር አሥራ ስድስት፣ ከአገር ሲወጡ ሃያ ሦስት ዓመትዎ ነበር። መዲና ቆጥራዋለች።

ቢልቂስ ሰይድ


በርገን
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወይዘሮ ቢልቂስ ሰይድ

ሰላምታዬ ይድረስዎ። ከእንግዲህ አንቺ የምልዎ ዝምድና በመካከላችን ስለሌለ አጻጻፌን አስተካክያለሁ።

ድርጅቱ ድጋፉን መሰረዙን አስታውቆኛል። እዚህ ያለው ክለቤም ስብሰባ ጠርቶ ከድርጅቱ የደረሰውን፣ የእህቴ ደብዳቤ ነው ያሉትን ወረቀት በአሥራ አንድ ሰው ፊት አነበቡልኝ። ከኮሚቴው ወጥቻለሁ። ስምንት ዓመት አብረውኝ ቀስት የወረወሩ ሰዎች አሁን አውቶቡሴ ውስጥ ሲገቡ መስኮት መስኮቱን ያያሉ። ያሰቡት ሞልቶልዎታልና ደስ ይበልዎ።

ያ ደብዳቤ ግን የመዲና ነው ብዬ አላምንም፤ ለዘመድ ሁሉም ይህንኑ ተናግሬአለሁ። ዓይነ ስውር ሴት ፊት የሚጻፈውን ማን ያየዋል? እናንተ ጻፋችሁ፤ በእሷ ስም ላካችሁ። ከቤታችን ያወጣችኋት እንዲህ ልትጠቀሙባት ከሆነ እዚያው ብትቀር ይሻላት ነበር።

ሁለቱን ደጋኖች ለኩኩ ይመልሱ። በሰኔ መጨረሻ ወደዚህ ትመለሳለች። ሌላ ደብዳቤ አልቀበልም።

ሀፊዝ ኑርሁሴን


ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ
ሰኔ 22 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለሀፊዝ

እኔ መዲና ነኝ። የምናገረው እኔ ነኝ፤ የምትጽፈው ጽናት ናት። ጽፋ ስትጨርስ ለቢልቂስ ሳይሆን ምንም ለማያውቀኝ ለአንድ ኮምፒውተር ጸሐፊ ሰጥቼ አስነብቤዋለሁ። ያልኩት ሁሉ አለ፤ ያላልኩት የለም። ከሥር ጣቴን አትሜበታለሁ።

ታላቄ ስለሆንክ አንቱ ልልህ ይገባኝ ነበር። ሞከርኩት፤ አልወጣ አለኝ።

ቢልቂስ ከእንግዲህ አልጽፍለትም ብላለች። እናም የሆነውን እኔ ልንገርህ። ድርጅቱ ያንን ገጽ አንስቶታል። በቦታው ሦስት መስመር እርማት አወጡ። ጽናት ያኔ ባነበበችበት ሜዳ፣ ያኔ የነበሩትን ሰዎች ጠርታ አነበበችው። ረሂማም መጣች። ሰምታ ስታበቃ “ይኸው ነው?” አለች። ይኸው ነው አልናት። “ያኛው ረጅም ነበር” አለች። ነገር ግን በማግስቱ ለቅሶ የቀረችበት ቤት ሄዳ እስከ ማታ ተቀመጠች።

ገንዘቡ ቀርቷል። በሚቀጥለው ዓመት ራሳችሁ ጻፉ፣ እናየዋለን ብለውናል። ጽናት እየጻፈች ነው፤ ቢሰጡን እንወስዳለን፣ ቢከለክሉን በጨርቁ ኢላማ እንቀጥላለን። ሚስባህ ክለቡን ትቶ ወጥቷል። መንገድ ላይ ድምፄን ሲሰማ ወንበሩን ያዞራል፤ የታሰረው ሽቦ ሲንቋቋ አውቀዋለሁ። እሱን አልቀየምም። ወንበሩን ያስቀረሁበት እኔ ነኝ፤ ከአንተ ውሸት ጋር ለመኖር ስላልቻልኩ። ይህ የእኔ ዕዳ ነው እንጂ የአንተ ብቻ አይደለም።

ደጋኖችህን ለኩኩ ሰጥቻለሁ። በአንዱ አራት ወር ተለማምጄበታለሁ። እግሬን የማሳርፍበት እንጨት፣ ክንዴ ሲስተካከል የእጄን ጀርባ የምትነካ ሌላ እንጨት ዘይኑልአቢዲን ሠርቶልኛል። ቀስቱ የት እንዳረፈ ጽናት ከኋላዬ ሆና ትነግረኛለች። ጥሩ ደጋን ነው፤ ለክፋት ብዬ አላጣጥለውም። ባለፈው ሳምንት ወደ ቱቦው ተመልሼ በመጀመሪያው ቀን አንድም አልመታሁም። በሁለተኛው ቀን ሁለት።

“እዚያው ብትቀር ይሻላት ነበር” ብለህ ጽፈሃል። ጽናት ልትዘለው ነበር፤ ትንፋሿ ሲቆም አውቄ አስነበብኳት። ሀፊዝ፣ እዚያ ውስጥ ምን እንደነበረ ልንገርህ ብዬ አላደክምህም። በገበያ ቀን በሩን ከፍተህ ውሃ ታስቀምጥ ነበር። አንድ ቀን “ትንሽ ደጃፉ ላይ ልቀመጥ” አልኩህ። “ሰው ያይሻል” አልከኝ። ቀስ ብለህ ነበር የቆለፍከው፤ ድምፁ እንዳይሰማኝ ይመስለኛል። ሰምቼዋለሁ። ለፈረንጆቹ በጻፍከው ውስጥ ከዚያ ያወጣኸኝ አንተ ነህ። ያንን ቦታ ጽናት ስታነብ አልተናደድኩም፤ እንዲህ ማድረግ ፈልጎ ነበር ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ፈልገህ ነበር? ብትፈልግ ኖሮ በገበያ ቀን ማን ይከለክልህ ነበር?

ስለ ቤቱም እወቅ። እናታችን ከሞተች ወዲህ ባዶውን የቆየው የቧንቧ ውሃው ቤት ውስጥ ገብቻለሁ። ከገባሁ ገና አንድ ወር ነው። ረሂማ ሦስት ቀን አብራኝ አድራ፣ ግድግዳ ግድግዳውን አስይዛ አስለምዳኝ ተመለሰች። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ይዤ ኮምቦልቻ እወርዳለሁ፤ እሑድ እመለሳለሁ። ቤቱ የሁለታችን ነው። ድርሻዬን ብትል ሽማግሌ ላክ፤ አልከለክልህም።

ይቅርታ አልጠየቅኸኝም፤ እኔም አልሰጠሁህም። ዘመድ መካከል ገብቶ አስታርቆ አንድ ላይ ሊያስቀምጠን ቢፈልግ እምቢ ብያለሁ፤ እንዳይደክሙ ንገራቸው። አንድ ቀን ራስህ ከመጣህ ግን ረሂማ ቤት ሄደህ አትለምን፤ መጀመሪያ እዚህ ና። አንኳኳና ስምህን ተናገር። ድምፅህን ከሰማሁ ሃያ አምስት ዓመት ሆኖኛል፤ ላውቀው አልችልም ይሆናል። ከዚያ ደጅ ላይ ጠብቅ። እከፍትልህ እንደሆነ ያኔ ከውስጥ ሆኜ እወስናለሁ።

መዲና ኑርሁሴን